ቤት መምታትና ቆርቆሮ መምታት

በቋንቋችን ግጥም ቤት ይመታል፤ በጣራም ላይ ቆርቆሮ ይመታል። ግሱ አንድ ነው። ሠሪዎቹ ግን በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ሁለት ወገኖች ሆነው ኖረዋል። ቤት የሚመታው በመድረክ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል። ቆርቆሮ የሚመታው በስልክ ይጠራል፣ ይሠራል፣ ሒሳቡን ተከራክሮ ይቀበልና በጓሮ በር ይወጣል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን አጥር ለመነቅነቅ የተጻፈ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ክንዱ ጤነኛ የሆነ፣ መሰላል መውጣት የሚችል፣ በጓሮው ማድቤት ያለው ሰው የዚያችን ማድቤት ጣራ በገዛ እጁ ይቀይር። ይህን የምለው ለሁሉም ነው፤ አስቀድሜ ግን ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እላለሁ። ከማንም ይልቅ ከእጅ ሥራ የተበደርነው እኛ ነን፤ ከማንም ይልቅ የናቅነውም እኛው ነን።

ስለ የትኛው ጣራ እንደምናገር ላስረዳ። ስለ ፎቅ አይደለም፤ ስለ ዋናው ቤትም አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ከዋናው ቤት ጀርባ የምትቆመውን፣ ግድግዳዋ ባሕር ዛፍና ጭቃ የሆነውን ባለ አንድ ክፍል ማድቤት ነው የምለው። የብዙዎቹ ክዳን ዋናው ቤት ሲታደስ የተነቀለ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። የቀድሞው ሚስማር የበሳው ቀዳዳ እንዳለ ከነቆርቆሮው ወደ ጓሮ ይሻገራል። ከውስጥ ጭሱ፣ ከውጭ ዝናቡ ይበላዋል። ቀዳዳው አንድ ክረምት በላስቲክ፣ አንድ ክረምት በጨርቅና በሬንጅ ይደፈናል፤ በሦስተኛው ክረምት ባልዲ ይቀመጥለታል። ባልዲው ከተቀመጠ በኋላ ነገሩ የተፈታ ይመስለናል።

እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ማድቤት 12 ካሬ ሜትር ጣራ አላት። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። እንግዲህ በዚያች ትንሽ ጣራ ላይ በየዓመቱ ከ12,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አንዱ ብቻ ቢያፈስ 120 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ ስድስት ጀሪካን። የሚወርደውም በእሳቱ ላይ፣ በማገዶው ላይ፣ በሊጡ ላይ፣ ከሁሉም በላይ በሰው ላይ ነው።

ሥራው ምን ያህል ነው? ሁለት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጨርሰው ነው። በበጋ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ይጀመራል። አሮጌው ሚስማር በጉጠት ይነቀላል፤ ቆርቆሮው ሳይወረወር በእጅ ወደ ታች ይቀበሉታል። ከዚያ እንጨቱ ይመረመራል። ወራጁንና ማገሩን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፤ ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ምስጥ ወይም እርጥበት ቀድሟችኋልና ያ እንጨት ይቀየራል። በበሰበሰ እንጨት ላይ የተመታ አዲስ ቆርቆሮ በድሪቶ ላይ እንደተደረበ ካባ ነው።

ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ አያታልላችሁ። የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። መምታት የሚጀመረው ከታችኛው ጠርዝ ነው፤ ላይኛው በታችኛው ላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይደረባል፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ መግቢያ እንዳያገኝ። በጎንና በጎን ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ አንድ ሞገድ ተኩል ይነባበራል፤ የድርቡም አፍ ነፋስና ዝናብ ከሚመጡበት አቅጣጫ ጀርባውን ይሰጣል። ክዳኑ ከግድግዳው በደንብ አልፎ ይወጣል፤ የጭቃ ግድግዳ ባርኔጣ ይፈልጋልና።

የሥራው ምሥጢር ግን ሚስማሩ ላይ ነው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ በቦዩ ውስጥ አይደለም። ውሃ በቦዩ ይሄዳል፤ ጉብታው ቶሎ ይደርቃል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይገባል፤ ጎማው ቆርቆሮውን ጥብቅ አድርጎ እስኪይዝ ይመታል፤ ከዚያ አልፎ ከተመታ ይፈነዳል፤ ሳይደርስ ከቀረም ውሃ ያሳልፋል። የመጨረሻዋ የመዶሻ ምት ከመጀመሪያዋ ይልቅ ልብ ትፈልጋለች። ግጥም የጻፈ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንድ ቃል ሲያንስና አንድ ቃል ሲበዛ የሚሆነውን ያውቃልና።

ይህ ነው ሥራው። ቅኔ ከመቁጠር አይከብድም። ታዲያ ለምን አንሠራውም?

አቅም ስለሌለን አይደለም። በእንግሊዝ አገር በየጓሮው የአትክልት መሣሪያ የሚቀመጥበት ትንሽ የእንጨት ቤት አለ። ጣራው በሬንጅ በተነከረ ወፍራም ንጣፍ የተሸፈነ ነው። ንጣፉ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ጠርዙም ይገለባል። ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው ባለቤቱ ነው። አሮጌውን ይገፍፋል፤ ከሥሩ ያለውን ጣውላ ይመረምራል፤ አዲሱን ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ እያነባበረ ይዘረጋል፤ ድርቡን በማጣበቂያ ያሽጋል፤ ራሱ ሰፊ በሆነ አጭር ሚስማር ጠርዙን ይመታል። መምህርም ያደርገዋል፤ ሐኪምም ያደርገዋል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጎረቤቶቻቸውን አይተው ያደርጉታል። ማንም አይደነቅም፤ ማንም አያዝንላቸውም። ያው ሰው ለእረፍት አገሩ ገብቶ በእናቱ ማድቤት ላይ መሰላል ቢያቆም ግን ሰፈሩ ይረበሻል። «ኧረ ነውር ነው! ሰው ጠፍቶ ነው አንተ የምትወጣው?» ይባላል። መዶሻው ከእጁ ይወሰዳል፤ ቡና ይፈላለታል፤ ጣራው ማፍሰሱን ይቀጥላል።

እዚያ ባለሙያ መጥራት ውድ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት አለበት። ነገር ግን ርካሽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ «አያስፈልግም» እንባል ነበር እንጂ «ነውር ነው» ባልተባልን። ከሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት የዚህ ክርክር መሠረት ነው። እጃችንን የሚይዘው ድካም አይደለም፤ የሚያየን ዓይን ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የሳሎን ጣራ አንድ ቀን ቢያፈስ በማግስቱ ሰው ይጠራል። እንግዳ ይመጣልና፤ ሶፋው ይበላሻልና፤ መጻሕፍቱ ይረጥባሉና። የማድቤቱ ጣራ ግን ሦስት ክረምት ይታገሣል። ለምን? ከሥሩ የምትቀመጠው የምትወስነው ስላልሆነች ነው። እናታችን ናት፤ ሚስታችን ናት፤ እኅታችን ናት፤ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛችን ናት። ጭሱ ዓይኗን ይወጋል፤ ጠብታው ጀርባዋ ላይ ያርፋል፤ ምጣዱን ከጠብታው ለማሸሽ ጉልቻውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ታዛውራለች። እኛ ደግሞ በደረቀው ክፍል ተቀምጠን ስለ እናት ግጥም እንጽፋለን። ስለ እናት ጭስ፣ ስለ እናት እንባ፣ ስለ እናት እንጀራ ያልጻፈ ገጣሚ አለን? እንግዲያው ስንቶቻችን ነን ጭሱ ውስጥ ገብተን ቀና ብለን ያየን? ለእናት ከሚጻፉ መቶ ስንኞች አምስት ቅጠል ቆርቆሮ ይበልጣል። ይህን ስል ግጥምን ዝቅ ማድረጌ አይደለም፤ ግጥም ለጣራ ምትክ መሆኑን እንዲያቆም መጠየቄ ነው።

ይህ ንቀት የዛሬ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸማ የሚሸምነውን በስድብ ስንጠራ ኖረናል፤ ቡዳ ነው ብለን ከማዕዳችን፣ ከጋብቻችን፣ ከመቃብራችን ሳይቀር ስንለየው ኖረናል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ እንዲቀር ያዘዘ፣ ተሳዳቢውንም በእስራት የሚያስቀጣ ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያ አዋጅ ጸሐፊና ቀጥቃጭ አብረው ተሰዳቢ ናቸው፤ አብረውም ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው ከስድቡ ወጣ፤ ተሾመም፤ ተሸለመም። ሲወጣ ግን ወንድሙን እዚያው ትቶት ወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ልጁ አናጢ እሆናለሁ ቢለው ደረቱን የሚመታ ደራሲ አይጠፋም።

በታሪካችን ከዚህ የተለየ ምሳሌ አልጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ ያዩዋቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ አንሥቶ ዘውዱ አልወደቀም። ክርስቶስ ያደገው በጸራቢ ቤት ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በድንኳን ሥራ እጁን ያደክም ነበር፤ ድንኳን ደግሞ ጣራ ነው። በየእሑዱ ይህን ሰምተን በየሰኞው እንረሳዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ ልግባ። የምንኮራበት ሰምና ወርቅ ከየት መጣ? ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ባዶውን ቦታ ይሞላል። ሊቃውንቱ የቅኔን ምሥጢር የሚገልጹበት ስም ሲያጡ የተበደሩት ከዚህ ሰው ነው። ስሙን ወሰድንለት፤ እርሱን ግን ጠይብ አልነው። ጠይብ የሚለው ቃል ራሱ ጠቢብ ከሚለው የመጣ ነው። የሸማኔው የቀሚስ ጥለት ጥበብ ይባላል፤ የሰሎሞንም እውቀት ጥበብ ይባላል። ቋንቋው አልለያቸውም፤ የለየናቸው እኛ ነን።

ብራናውስ? የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ነው ገድሉና ድርሳኑ የተጻፈበት። ፋቂ ብለን የምንሰድበው ሰው ሙያ ባይኖር ቅዱሳት መጻሕፍቶቻችን የሚያርፉበት ባላገኙ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ መሠረቱ ጥቀርሻ ነው፤ ከድስትና ከምጣድ ሥር የሚፋቅ። የዚህ አገር ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ቀለም ከማድቤት ወጣ ማለት ነው። ለማድቤት ጣራ ያለብን ዕዳ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

የቅኔ ተማሪውንም አንርሳ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ሣሩን ራሱ አጭዶ፣ ራሱ ከድኖ ነው ዘረፋ የሚማረው። ከመምህሩ ቅኔ ከመቀበሉ በፊት ጣራ አለው፤ ጣራውም የእጁ ሥራ ነው። ያ ተማሪ የእኛ አባት ነው። ትምህርቱን ወርሰን ጎጆ መክደኑን ያሳፈረን ማን ነው? መልሱ ከእኛው ዘንድ ነው፤ ከውጭ አንፈልገው።

ይህ ሁሉ የታሪክ ሙግት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ጉዳቱ በየቀኑ በጽሑፋችን ላይ ይታያል። «የአገር ምሰሶ»፣ «የትዳር ማገር»፣ «የሥነ ጽሑፍ ጉልላት» የማይል ንግግር አለ? እስቲ ተናጋሪውን ወራጅ ከማገር በምን እንደሚለይ ጠይቁት። የትኛው ሸክም ይሸከማል? የትኛው ያስተሳስራል? የቱ ቢበሰብስ ቤቱ ይጎብጣል፣ የቱስ ቢበሰብስ ክዳኑ ብቻ ይረግባል? የማያውቀውን ነገር በምሳሌነት የሚጠራ ሰው ቃሉን በዱቤ ገዝቶታል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅም በግጥሞቻችን ውስጥ ስንት ጊዜ ለትዝታና ለናፍቆት እንደተቀጠረ ቁጠሩት። ዝናቡን ከሥር ሆኖ ከሚያደምጠው ይልቅ ከላይ ወጥቶ መንገዱን የቀየሰለት ሰው የበለጠ የሚለው አለው። ውሃ በቦይ እንደሚሄድ፣ በጉብታ እንደማይቆይ፣ የአንዲት ሚስማር መሳት ለአንድ ክረምት እንቅልፍ እንደሚነሣ ያውቃልና። ቃል ክብደት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ሞራሌ፣ አሸንዳ፣ ወራጅ፣ ጉጠት የሚሉት ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ደርቀዋል፤ በእጅ መዳፍ ላይ ግን ውኃ ልማት ወጥተው ይኖራሉ።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። መልካም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሠሪ ማለት የሚሠራ ሰው ነው እንጂ ለሥራ የተረገመ ዘር ማለት አይደለም። «ጊዜ የለኝም» የሚልም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቡና ዙሪያ ስለ ልቦለድ ሞትና ትንሣኤ ስንከራከር የሚያልፈው ጊዜ ለሁለት ማድቤት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «የአናጢውን እንጀራ ትነጥቁበታላችሁ» የሚለው ነው። ይህን በንቀት አላልፈውም፤ አገራችን ሥራ ፈላጊ የበዛባት ናትና። ነገር ግን የሚያፈሱት ማድቤቶች አናጢ እየጠበቁ አይደለም፤ ባልዲ ተቀምጦላቸው ተረስተዋል። ደግሞም የማታውቁት ከሆነ አናጢውን ለአንድ ቀን ቅጠሩት፤ ሙሉ ዋጋውን ክፈሉት፤ መዶሻ ይዛችሁ ከጎኑ ሥሩ። በቀጣዩ ጊዜ የዋናውን ቤት ጣራ ሲሠራላችሁ ከዕለት ዋጋው ላይ ለመቀነስ አትከራከሩትም። ፀሐይ በግንባሩ ላይ ምን እንደምታደርግ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ጣትን እንዴት እንደሚቆርጥ አይታችኋልና። በሥራው ያላለፈ ሰው የሠራተኛን ዋጋ በልማድ ይተምናል፤ ያለፈ ሰው ግን በሕሊናው ይተምናል።

«አደጋ አለው» ለሚለው አዎ፣ አለው። ስለዚህ መሰላሉን ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር፤ ጓንት ይደረግ፤ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ሚስማር በተመታበት መስመር፣ ከሥሩ እንጨት ባለበት ይረገጥ። አሮጌው ክዳን የአስቤስቶስ ከሆነ አትንኩት፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነውና። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ደግሞ ከታች ሆኖ ሚስማር ያቀብል፤ እርሱም ሥራ ነው።

ይህን ዕድል የምናገኘውም ለዘላለም አይደለም። አሮጌዎቹ ሰፈሮች እየፈረሱ፣ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም እየገባ ነው። በሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው የራሱ ጣራ የለውም፤ የሌላ ሰው ወለል ነው ያለው። ልጆቻችን ወራጅና ማገርን የሚያውቁት በምሳሌያዊ ንግግር ብቻ የሚሆንበት ቀን ሩቅ አይደለም። ማድቤቷ እስካለች፣ ክንዳችንም እስካለ ድረስ ግን ሰበብ የለንም።

ስለዚህ በዚህ በጋ እንውጣ። ልጆቻችን፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሚስማር እያቀበሉ ይዩን። ጎረቤት ይሳቅ፤ ሥቆ ሲጨርስ የእርሱንም ያስባል። ለግጥማችን አጨብጫቢ አናጣም፤ ወዳጅ ለወዳጁ መጽሐፍ መግቢያ ይጽፍለታል፣ ወዳጅ ለወዳጁ ሂስ ያለሳልስለታል። ጣራችንን የሚመረምረው ግን የሐምሌ ዝናብ ነው። እርሱ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።